«አይ ሰቨን ነው» ተብሎ የሚሸጥ ላፕቶፕ፦ ለፋይናንስ ተማሪ ለምትገዙ ማስጠንቀቂያ

ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ተማሪ መግባት ሲጀምር ቴሌግራም ላይም ሱቅ በር ላይም አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበዛል፦ «ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ፣ ንጹህ የዱባይ ዕቃ፣ ለተማሪ ቅናሽ አለው»። በዚህ መስመር ውስጥ አንድ ቁጥር ጎድሏል፤ ገንዘባችሁን የሚበላውም እሱ ነው። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የመጣ አባት በሬ ሲገዛ ጥርሱን ከፍቶ ሳያይ፣ አስነድቶ ሳይሞክር ብር አይቆጥርም። ለልጁ ላፕቶፕ ሲገዛ ግን ኪቦርዱ ሥር የተለጠፈችውን ስቲከር አምኖ ይከፍላል። የላፕቶፕ ጥርሱ ጄኔሬሽኑ ነው፤ ማለትም የፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) ትውልድ።

ፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል «አይ ሰቨን» የሚለውን ስም መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ስለዚህ ስሙ ብቻውን ዕድሜውን አይነግራችሁም። ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ጠይቁ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ጄኔሬሽኑ ነው፦ 4600 አራተኛ፣ 6600 ስድስተኛ፣ 8250 ስምንተኛ። በ1 ከጀመረ ሁለቱን ቁጥር አንድ ላይ አንብቡ፦ 10210 አሥረኛ፣ 1135 አሥራ አንደኛ፣ 1235 አሥራ ሁለተኛ። አይ7-4600ዩ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሲሆን ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚከፋፈል የፕሮሰሰር ክፍል) ብቻ ነው። አይ5-8250ዩ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ 4 ኮር አለው። ስሙ ትንሽ የሆነው «አይ ፋይቭ» ትልቁን «አይ ሰቨን» በሰፊው ይበልጠዋል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ውድ ተብሎ የሚሸጠው አይ ሰቨኑ ነው። 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን ሆነው መጨረሻቸው ላይ «ዩ» ያለባቸው አይ ሰቨኖችም (6600ዩ፣ 7600ዩ) 2 ኮር ናቸው።

የኤችፒ «ጂ» ቁጥርም ሰው ያሳስታል። ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ውስጥ ያለው 6ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ጂ4 ውስጥ 7ኛ፣ ጂ5 ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 8ኛ። አብዛኛውን ጊዜ ያልነው ጂ5ም ሆነ የሌኖቮው ቲንክፓድ ቲ480 7ኛ ጄኔሬሽን ይዘው የወጡበት ስላለ ነው። የሞዴሉን ስም ሰምታችሁ አትርኩ።

ስቲከር በጥቂት ብር ይገዛል። ዊንዶውስ ላይ የሚታየውን የፕሮሰሰር ስም እንኳ ሬጂስትሪ ገብቶ መቀየር ይቻላል። ስለዚህ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ እዩት፦ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ለኤችፒ ኤፍ10፣ ለዴል ኤፍ2፣ ለቲንክፓድ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ንኩ። እዚያ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ሲሪያል ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል። ሲሪያሉ ከሥሩ ከተለጠፈው ጋር ካልገጠመ ወይ ማዘርቦርዱ ተቀይሯል ወይ ሽፋኑ የሌላ ማሽን ነው። ቁጥሩን የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የዋስትና መፈለጊያው ውስጥ ብታስገቡት የመጀመሪያ ዋስትናው መቼ እንደጀመረ ታያላችሁ። «አዲስ፣ ፓክድ» የተባለ ዕቃ ዋስትናው ከአምስት ዓመት በፊት ካለቀ ነገሩ ግልጽ ነው።

ባዮሱ ገና ሲከፈት ፓስዎርድ ከጠየቀ እዚያው ተዉት። ማሽኑ የውጭ አገር ኩባንያ ንብረት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ የቢዝነስ ላፕቶፕ ላይ ይህን ፓስዎርድ ማስነሳት የባለሙያ ሥራ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ማዘርቦርድ እስከ መቀየር ያደርሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፎርማት እስኪደረግ የማይታየው ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የማታውቁት ድርጅት ስም ብቅ ብሎ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይጠይቃችኋል። ሻጮች ይህን የሚያልፉት ኢንተርኔት ሳያገናኙ በመጫን ነው። ስለዚህ ጭነቱ ዋይፋይ ወይም የስልክ ሆትስፖት ተገናኝቶ ፊታችሁ ይደረግ። ያገለገለ ማክቡክም የራሱ የአይክላውድ ቁልፍ (የቀድሞው ባለቤት ካልፈታው የሚዘጋ የአፕል መቆለፊያ) አለው።

የጄኔሬሽኑ ነገር የፍጥነት ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘግቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍልም ይፈልጋል። 4ኛ ጄኔሬሽን ላይ ዊንዶውስ 11 ተጭኖ ካያችሁ ፍተሻውን አስዘልለው የጫኑት ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን የዝመና ዋስትና አይሰጥም። ለዛሬ ሸማች የማይታይ፣ ተማሪው ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ፋይናንስ የሚማር ሰው በእርግጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ኤክሴል ከነሶልቨሩና ከነዳታ አናሊሲሱ፣ ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም)፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ እንደ ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ ወይም ኢቪውስ ያለ የስታትስቲክስ ፕሮግራም፣ በዚያ ላይ ብዙ ፒዲኤፍ። ከእነዚህ አንዱም የጌም ግራፊክስ ካርድ አይፈልግም። «ግራፊክሱ 4 ጊጋ ነው» እየተባለ የሚጨመረው ዋጋ ለእናንተ ክብደትና ቶሎ የሚያልቅ ባትሪ ብቻ ነው። ክሮምቡክ ላይ ፒችትሪም ሙሉው ኤክሴልም አይጫኑም። ማክ ላይ ፒችትሪ የለም፣ የማኩ ኤክሴልም ፓወር ፒቮት የለውም። ለዚህ ትምህርት ዊንዶውስ ይሁን፣ አበቃ።

ልኩ ይኸውላችሁ፦ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ5 ወይም ከዚያ በላይ (የሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ የኤኤምዲ ከሆነ እንደ ራይዘን 5 3500ዩ ያለ)፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 1920 በ1080 ስክሪን። ስክሪኑን አታቃልሉት። 1366 በ768 ላይ የአሥራ ሁለት ወር የገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዥ ግራና ቀኝ ካልተጎተተ አይነበብም። ራሙ 8 ከሆነ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ግቡና «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለውን እዩ፤ «1 ከ2» ካለ ነገ 16 ማድረግ ይቻላል። ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን የገዛችሁት ይዘልቃል። 15.6 ኢንች የሆኑት ብዙዎቹ በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች አሏቸው፤ ፒችትሪ ላይ ሲመዘገብ እጅ ያፈጥናል። 14 ኢንች ከወደዳችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ኪቦርድ ለብቻው ይሸጣል።

«1 ቴራ» ሲባል ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ ኤስኤስዲ ብላችሁ ጠይቁ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ዊንዶውስ 11 እየተንፏቀቀ ነው የሚነሳው። ለሰሜን ሸዋ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ጭንቅላት በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አብዛኞቹ አምራቾች የሚሰጡት የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ጣርማ በርና የመንዝ ደጋ ደግሞ ከ3,000 ያልፋሉ። በዚያ ላይ በኮረኮንች መንገድ የሚንገጫገጭ ሚኒባስ ጨምሩበት። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ይህ ሁሉ አይመለከተውም። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባለዋን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጤና ፐርሰንቱንና ስንት ሰዓት እንደሠራ ታሳያለች።

ሙቀቱም እንዲሁ ቦታ ይመርጣል። ደብረ ብርሃን በጠዋቱ ብርድ ሱቅ ውስጥ ጸጥ ብሎ የሠራ ማሽን ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ሊንተከተክ ይችላል፤ የፕሮሰሰሩ ቅባት የደረቀና ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ከሆነ እዚያ ነው የሚያጋልጠው። ይህን ሱቁ ውስጥ ለማውጣት ኤክሴል ክፈቱ። ከግራ በላይ ባለችው የስም ሳጥን ውስጥ ኤ1፡ጄ100000 ብላችሁ (በእንግሊዝኛ ፊደል፦ A1:J100000) ኢንተር ስጡ፣ =ራንድ() (=RAND()) ጻፉና ኮንትሮልን ይዛችሁ ኢንተር ንኩ። አንድ ሚሊዮን ሴል ይሞላል። አሁን ኤፍ9ን ደጋግማችሁ እየነካችሁ ታስክ ማናጀር ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ለአሥር ደቂቃ ተመልከቱ። ሥራ ላይ እያለ ከ1 ጊጋኸርትዝ በታች ወርዶ ከቀረ ወይ ሙቀት ነው ወይ ቻርጀር።

ቻርጀር ያልነው በምክንያት ነው። ዴል ቻርጀሩን በውስጡ ባለች ቺፕ ይለያል። የገበያ ቻርጀር ሆኖ ካላወቀው ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፣ ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ያዘገያል። ሻጩ ያንን ጽሑፍ «ምንም አይደል፣ ኢንተር በለው» ካላችሁ ዋጋው ላይ የኦርጅናል ቻርጀር ሂሳብ ቀንሱ። ለኤችፒም 65 ዋት የሚፈልገውን በ45 ዋት አብሮ መሸጥ የተለመደ ነው፤ ጀርባው ላይ 19.5 ቮልትና 3.33 አምፔር የሚል ካለ 65 ነው፣ 2.31 ካለ 45።

ባትሪ ላይ ቃል አትቀበሉ። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ «ፓወር ሲኤፍጂ» አያይዛችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ ስላሽና «ባትሪ ሪፖርት» አያይዛችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ (powercfg /batteryreport)። ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው ይነግራችኋል። እዚያ ውስጥ «ዲዛይን ካፓሲቲ» ሲወጣ የነበረው ነው፣ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ዛሬ የቀረው። 50,000 የነበረው 21,000 ከሆነ 42 ከመቶ ቀርቷል፤ መብራት ሲጠፋ አንድ አሳይመንት አያስጨርስም። ከ70 በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ አስቀንሱ። የስድስት ዓመት ማሽን ላይ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆነው ከመጡ ደስ አይበላችሁ፣ ተመሳስሎ የተሠራ ባትሪ ሊሆን ስለሚችል ነቅላችሁ ቪዲዮ ክፈቱ። በ30 ደቂቃ ከ100 ወደ 70 ከወረደ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ከተወዛወዘ፣ ወይም ታችፓዱ ተነስቶ አልጫን ካለ፣ ባትሪው አብጧል። ይህ አደገኛ ነው፣ ቅናሽም አያስማማውም።

አዲስ ነው ተብሎ የሚመጣው ሌላው ወጥመድ ሴለሮን ኤን4020፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ የተበየደ ዘገምተኛ ማከማቻ) ነው። ካርቶኑ አልተከፈተም፣ ያምራል፣ ዋጋውም ይማርካል። 64 ጊጋ ለዊንዶውስ 11 ራሱ የተቀመጠው ዝቅተኛ ወሰን ነው፤ ሁለት ሦስት ዝመና ሲመጣ ይሞላል፣ ማስፋትም ራም መጨመርም አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። አንዳንዶቹ በኤስ ሞድ (ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ ያለ ፕሮግራም በማያስጭን ዊንዶውስ) ስለሚመጡ ያ እስኪወጣ ፒችትሪ አይጫንባቸውም። በዚያው ገንዘብ ጤነኛ፣ ያገለገለ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ ፋይቭ ይሻላል፤ በዚህ አናወላውልም።

«ዊንዶውሱም ኦፊሱም አክቲቬት ተደርጓል» የሚለውንም ፈትሹ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ከዚያ «ኤክስክሉዥንስ» ግቡ። እዚያ የተዘረዘረ ፎልደር ካለ ክራኩ (ያለ ፈቃድ ማስከፈቻው) እንዳይያዝ ጸረ ቫይረሱ ዓይኑን እንዲጨፍን ተደርጓል፤ የባንክ ሂሳባችሁንም በዚያው ማሽን ነው የምትከፍቱት። ከኩባንያ የወጡ 8ኛ ጄኔሬሽን ማሽኖች አብዛኞቹ የዊንዶውስ ፕሮ ቁልፍ ቦርዳቸው ውስጥ አላቸው፤ ትክክለኛው ፕሮ ሲጫን በኢንተርኔት ራሱ ይከፈታል፣ ክራክ አያሻውም።

ክፍያው ላይ። ከአዲስ አበባ «ቀብድ በቴሌብር ላኩ፣ ዕቃውን በሹፌር እጅ እንልካለን» ከተባላችሁ አትላኩ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ከጠፋ ቀብድ ይረክሳል። ደረሰኝ ላይ «ላፕቶፕ 1» ብቻ እንዳይጻፍ፤ ሲሪያሉ፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ ራሙ፣ የኤስኤስዲው መጠንና የዋስትናው ቀን ይስፈር። «የስድስት ወር ዋስትና» ፎርማት ማድረግ ብቻ እንዳይሆን ማዘርቦርድና ስክሪን የሚሉት ቃላት በጽሑፍ ይግቡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ደረሰኝ ከሌለ ግን ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የምታሳዩት ነገር የለም። ከግለሰብ ከገዛችሁ የመታወቂያውን ኮፒና ፊርማውን ያዙ፤ የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ቢገኝ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ሙከራው በሙሉ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። «መብራት ስለሌለ ዛሬ መሞከር አይቻልም፣ እንዲሁ ውሰዱት» ካሏችሁ ቻርጀሩን ሳትሰኩ አስነሱት።