የአይሱዙዬን ፍሪሲዮን ላስተካከሉልኝ መካኒክ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ አይሱዙ የምታሽከረክሩ። ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ሲኬድ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው መካኒክ አሉ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለፈለጉ ትቼዋለሁ እንጂ ምስጋናዬ እንዲሁ ውስጤ እንዲቀር አልፈለግሁም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሜክሲኮ ጋ ስደርስ ማርሽ ስንቀይር የምንረግጠው የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወለል ነክቶ ቀረ። ማርሽ አልገባ አለ፤ ጭነት ላይ ነበርኩ። መኪናው ብዙ ዓመት የሠራ ነው፣ የፍሪሲዮኑ የታችኛው ሲሊንደር የውስጥ ጎማው አልቆ ዘይቱ ፈስሷል። አንድ ጋራዥ አስገባሁትና ሲሊንደሩን ቀየሩልኝ። ፔዳሉ ግን ስፖንጅ የመርገጥ ያህል ሆነ። ደጋግሜ ስረግጠው ይጠነክራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይላላል፤ የኋላ ማርሽ ሳስገባ ይንጫጫል። ሁለት ቀን ሲያፈሱና ሲሞሉ ከረሙና «ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) አልቋል፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ» አሉኝ። የእጅ ብቻ 15,000 ብር።

ጋሼ መጀመሪያ ቁልፍ እንኳን አላነሱም። ረዳቴን ፔዳሉን እንዲረግጥ አዘዙትና እሳቸው ከሥር ገቡ። የሚያዩት ከሲሊንደሩ ወጥቶ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን ሹካ የሚገፋውን ዘንግ ነው። ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጦ ዘንጉ የሄደው የጥፍር ያህል ብቻ ነበር። «ሸራ ያለቀበት መኪና ዳገት ላይ ይንሸራተታል፤ ያንተ ግን አልለቅ ነው ያለው። አየር ነው ልጄ» አሉኝ። ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል፤ የእግሬ ጉልበት አየሩን ሲጨምቅ እያለቀ ሹካው ጋ አይደርስም።

ከዚያ ቧንቧውን በእጃቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ካምቢዮው ጋ ከመድረሱ በፊት አንድ ቦታ ላይ ወደ ላይ ይቀለበሳል። አየሩ የተቀመጠው እዚያ ጉብታ ላይ ነው። አየር ሽቅብ ሂያጅ ነው፣ እኛ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ቁልቁል ስንጎትተው ነበር። ትልቅ ሲሪንጅ በአዲስ ዘይት ሞሉ፣ ጫፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ አደረጉ፣ ታች ባለው የአየር ማስወጫ ቡሎን በኩል ቀስ እያሉ ወደ ላይ ገፉት። እኔ ላይ ሆኜ የዘይቱን ዕቃ በባትሪ አያለሁ። መጀመሪያ ጥቁር ዘይት መጣ፣ ቀጥሎ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። ያን ሳይ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ አልችልም።

የቀረውን በተለመደው መንገድ ጨረሱት። «እርገጥ! ያዝ!» ይላሉ፣ ቡሎኑን ፈታ አድርገው ያጠብቁታል፣ ከዚያ ብቻ «ልቀቅ!»። ቡሎኑ ሳይጠብቅ እግር ከተነሳ አየሩን መልሶ ይስበዋል። ረዳቴን ይህን ደጋግመው አለማመዱት፣ ሲሳሳትም አልተቆጡትም። ያ ጋራዥ የወጣውን አረፋማ ዘይት መልሶ ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ ግን ማሸጊያው ያልተከፈተ ዶት 3 የሚባለውን የፍሬን ዘይት አስገዝተውኝ ነው የጀመሩት፣ ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በእሱ ነው፤ የፍሬን ዘይት ክፍት ከቆየ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል።

ሥራው ሁለት ሰዓት አልፈጀም። የጠየቁኝ 1,500 ብር ነው፤ ልጨምርላቸው ብል እምቢ አሉ። ይልቅስ «መኪናውን አሳድረህ ጠዋት ፔዳሉን እየው» አሉኝ። በማግስቱ በማለዳ በመጀመሪያው ርግጫ ጥንክር ብሎ ጠበቀኝ። አብረውኝ ተቀምጠው በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ወጣን፤ ዳገቱ መሃል አስቁመው በአንደኛ አስነሱኝ፣ ምንም አልተንሸራተተም። ያ ሸራ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ካምቢዮ ይውረድ የተባላችሁ ካላችሁ ከማስወረዳችሁ በፊት አሳዩዋቸው። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ አለ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።