ዘጠኝ ወር ከጊምፕ ጋር፦ በእህቴ ቀሚሶች የተማርኩት ኤዲቲንግ

ጊምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ የጫንኩት ባለፈው ነሐሴ ነው። ሰበቡ እህቴ ናት። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። አሁን አሁን ሱቅ ድረስ ከሚመጣው ደንበኛ በቴሌግራም የሚያዘው ይበልጣል። ፎቶውን በስልኳ ነው የምታነሳው። የሱቋ አምፖል ቢጫ ስለሆነ ነጩ ሸማ ሁሉ ቅቤ የፈሰሰበት ይመስላል። "አንተ ኮምፒውተር ትችል የለ? እስቲ አስተካክልልኝ" አለችኝ። እኔ የምችለው ኮምፒውተር ኤክሴል ነው።

ከዚያ በፊት ፎቶሾፕን ሞካክሬዋለሁ። አንድ ማሰልጠኛ ከፍዬ ሁለት ሳምንት ተምሬ ነበር። አስተማሪው በፕሮጀክተር ይነካካል፣ እኛ ደብተር ላይ እንገለብጣለን። ሲያልቅ በእጄ የቀረው ሰርተፊኬትና እሳት የሚነድበት ጽሑፍ አሠራር ነው። በሕይወቴ እሳት የሚነድበት ጽሑፍ ያዘዘኝ ሰው የለም። የሰጡን ሶፍትዌር ደግሞ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ተሰብሮ የተባዛ ስለነበር ከፍላሹ ቫይረስ ይዞ መጣ። ከፍዬ ልጠቀም እንዳልል ክፍያው በየወሩ በዶላር ነው፣ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ የለኝም።

ጊምፕ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ሲሆን እስከ ዛሬም በአብዛኛው በፈቃደኞች ነው የሚሠራው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይጠይቅም። ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ወር ግን ባከነ። ዩቲዩብ ላይ ቁጭ ብዬ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ሰማይ መቀየር፣ ሰው ፊት ላይ ጭስ መጨመር፣ ፖስተር መሥራት። ሳየው ሁሉም ይገባኛል። ጊምፕን ስከፍት ደግሞ የትኛውን ልንካ? በዚያ ላይ እኔ የጫንኩት 2.10 የሚባለው የጊምፕ እትም ነበር፣ ቪዲዮው ግማሹ ከሱ በኋላ በመጣው በ3.0፣ ግማሹ ደግሞ ከእኔውም በቆየ እትም ነው። "እዚህ ጋ ተጫኑ" ይለኛል፣ እዚህ ጋ ምንም የለም።

የጠቀመኝ ተቃራኒው ነው። ቪዲዮውን ትቼ አራት ነገር ብቻ ለመቻል ወሰንኩ፦ መቁረጥ፣ ቀለም ማስተካከል፣ ቆሻሻ ማጥፋትና ለቴሌግራም ማውጣት። በቀን አንድ የቀሚስ ፎቶ፣ ሁልጊዜ እነዚያኑ አራት ነገሮች። ሲቸግረኝ የጊምፕ የራሱ ድረ ገጽ ላይ "ኩዊኪስ" የሚሉት አጭር ትምህርት አለ፣ እሱን አነባለሁ። መቁረጥንና ማሳነስን በጥቂት አንቀጽ ይጨርሰዋል። ጽሑፍ ስለሆነ ዳታም አይበላም።

የቀለሙን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። "ከለርስ" የሚለው ሜኑ ውስጥ "ሌቭልስ" አለ። ሲከፈት ተራራ የመሰለ ግራፍ ይመጣል። ግራፉን ለጊዜው እርሱት። ከሥሩ ጠብታ መምጠጫ የሚመስሉ ሦስት ምልክቶች አሉ፦ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ነጭ። እኔ ሸማው ነጭ ነው ብዬ በነጩ ሸማው ላይ እጫን ነበር። ቢጫው ይጠፋል፣ ግን ፈትሉም አብሮ ይጠፋል። ሸማው ወረቀት ይሆናል። አንድ ማታ በስህተት ግራጫውን ይዤ ነጠላው የታጠፈበት፣ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ተጫንኩ። ቢጫው ጥርግ አለ፣ ፈትሉ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግራጫው የሚያደርገው "ይህ ነጥብ ቀለም የለውም፣ ሌላውን በዚህ ለካው" ማለት ብቻ ነው፤ ብርሃኑን ብዙም አይነካም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ እህቴ ጋ ደውዬ ቀሰቀስኳት። አልተደሰተችም።

ከዚያ ጥጋብ መጣ። "ሳቹሬሽን" የምትባለውን፣ ቀለም የምታደምቀውን ነገር አገኘኋት። ጥበቡ እንዲያበራ ከፍ፣ አሁንም ከፍ። ፎቶው ላይክ በላይክ ሆነ። ከሐዋሳ አንዲት ደንበኛ አረንጓዴ ጥበብ ያለበት ቀሚስ አዘዘች፣ ሲደርሳት "ይሄ ያየሁት አረንጓዴ አይደለም" ብላ መለሰችው። እውነቷን ነው። የትራንስፖርቱን እኔ ከፈልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀሚሱን ራሱን አስመጥቼ መስኮት አጠገብ ሰቅዬ፣ አንድ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ፣ አንድ ዓይኔን ቀሚሱ ላይ አድርጌ ነው የምሠራው። የትኛውም ቪዲዮ ይህን ያህል አላስተማረኝም። ልብስ ባትሸጡም የምታውቁትን ዕቃ፣ ለምሳሌ የቤታችሁን ጀበና፣ አንስታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡና ፎቶውን ከሱ ጋር ለማመሳሰል ሞክሩ።

አሁን ወደ ወቀሳው። ጊምፕ ለጀማሪ አይራራም። ብሩሹ በድንገት መሥራት ያቆማል፤ ብትጭኑ፣ ብትጭኑ ምንም። ለካ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ መርጣችሁ ረስታችኋል፣ ጉንዳን የመሰለው መስመር እዚያ ይዞራል፣ ብሩሹም ከዚያ ውጭ አይሠራም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤ አንድ ላይ ሲጫኑ ይፈታል። ይህን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ቆሻሻ የሚያጠፋው "ሂል" ደግሞ መጀመሪያ ኮንትሮል ይዛችሁ ንጹሕ ቦታ ካላሳያችሁት እንቢ ይላል።

"ሴቭ" ሲሉት የሚያስቀምጠው በራሱ ዓይነት ፋይል ነው፣ ኤክስሲኤፍ ይባላል። ስልክ ላይ የሚታይ ፎቶ ከፈለጋችሁ "ኤክስፖርት" ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ለእህቴ የላክሁላት በኤክስሲኤፍ ነበር። "ምንድን ነው የላክህልኝ? አይከፈትም" አለች። በራሱ ጊዜ እያስቀመጠ የሚሄድም እንዳይመስላችሁ። የላፕቶፔ ባትሪ ሞቷል፤ የገና ሰሞን መብራት ሲሄድ የሁለት ሰዓት ሥራ አብሮ ሄደ።

ላፕቶፔ አራት ጊጋ ራም ነው። የስልክ ፎቶ እንዳለ ሲገባ ይንቀራፈፋል። ቴሌግራም ራሱ ስለሚያሳንሰው መጀመሪያ ስፋቱን ወደ 2000 ፒክስል አወርደዋለሁ፣ ከዚያ ይሮጣል። ታኅሣሥ ላይ ወደ 3.0 ተሻገርኩ። ትልቁ ጥቅሙ፣ ያስተካከላችሁት ቀለም ተጋግሮ አይቀርም፤ በማግስቱ ተመልሳችሁ ልትነኩት ትችላላችሁ። አሁን የሚጀምር ሰው በቀጥታ በ3.0 ይጀምር።

አማርኛ ይጽፋል። የጥንቶቹ ፎንቶች ዝብርቅርቅ ያወጡብኛል፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ያለ ችግር ሠርቶልኛል። እኔ ዋጋውን ፎቶው ላይ ልጻፍ እላለሁ፣ እህቴ "ዋጋ በውስጥ መስመር" በል ትላለች። ይህ ክርክር በሶፍትዌር አይፈታም።

ሥራችሁ ፎቶ አብርቶ መለጠፍ ብቻ ከሆነ ጊምፕ ይቅርባችሁ። ስናፕሲድን ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ እሱም ነፃ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ትለምዱታላችሁ። እኔም ስቸኩል በሱ ነው የምሠራው። የሱቁን ግድግዳ አጥፍቼ ቀሚሱን ብቻ ለማስቀረት፣ ወይ ቀሚሱን የምናለብሰውን የሱቁን አሻንጉሊት የተሰበረ ጣት ፎቶው ላይ ለመጠገን ነው ጊምፕን የምከፍተው።

መጀመሪያ አንድ ፎቶ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን አሥር ደቂቃ። ጥቁር ካባ በጥቁር አሻንጉሊት ላይ ሲሆን ግን ጠርዙ የቱ ጋ እንደሚያልቅ እስካሁን አልያዝኩትም። እሱን ለጓደኛዬ እልካለሁ፣ በማኪያቶ ይሠራልኛል።