ጎንደርን በአስጎብኚ፦ ከፋሲል ግቢ ውጭ ያለው ሥዕልና ቅርጽ

ጎንደር ተወልጄ አድጌ አስጎብኚ ቀጠርሁ ብላቸው የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ነገሩ የመጣው ከአክስቴ ነው። ከደብረ ታቦር ልትጠይቀን መጥታ «ግንቡንስ አየሁት፤ ሌላ ምን አላችሁ?» አለችኝ። ጃንተከል ዋርካ አካባቢ አንድ ወጣት አስጎብኚ አነጋገርንና ግማሽ ቀን ያዝነው።

ፒያሳ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ጀመረ። እሱን በየቀኑ ስለምናየው ብዙም አልቆየንም። ጣሊያን የሠራቸውን ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ግን ቆም ብለን እንድናይ አደረገን። ጌጥ የላቸውም፤ ውበታቸው ቅርጻቸው ነው። እኔ ወደድኋቸው፤ አክስቴ «የጠላት ሥራ ምኑ ይደነቃል?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ልጁ የከፈልነው ገንዘብ እንደሚገባው ያሳየን ቁስቋም ላይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራችው ቤተ መንግሥት ዛሬ ጣራ የለውም፤ ብዙ ሰው «ፍርስራሽ ነው» ብሎ ይተወዋል። ልጁ ታሪክ ከመደርደሩ በፊት ግድግዳው ሥር አቆመን። ከጥቁሩ ድንጋይ መሀል ቀላ ካለ ለስላሳ ድንጋይ የተጠረቡ መስቀሎች ወጣ ብለው ተቀምጠዋል። ፀሐይ በሰያፍ ስታርፍባቸው ጠርዛቸው ጥላ ይጥላል፤ ቀትር ላይ ብትሄዱ ይህን አታዩም። አክስቴ በጣቷ እያመለከተች «ይሄማ የቀሚሴ ጥለት ነው!» አለች። ቀጥሎ «እማማ፣ አንበሳ የተቀመጠ ሰው ፈልጊልኝ» አላት። ዓይኗ ደክሟል ስል ከእኔ ቀድማ አገኘችው፤ አንበሳ የሚጋልቡት የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል ናቸው። እዚያች ግድግዳ ሥር ብቻ ለቆየንበት ብከፍለውም አይቆጨኝም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ ግን ቅር አሰኝቶኛል። በሩ ላይ ጥሩ ነበር፤ አጥሩ ላይ ያሉት ክብ ግንቦች የ12ቱ ሐዋርያት፣ በሩ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ምሳሌ ነው ብሎ አስረዳን። ውስጥ ስንገባ የሸመደደውን በአንድ ትንፋሽ ያወርደው ጀመር፤ ስልኩም ሁለቴ ጮኸ። ጣራውን የሞሉት ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ ዝም ብሎ ማየት ነው የሚፈልጉት። ደርቡሽ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኑን ንብ አዳነው የሚባለውን ታሪክ እንኳ ከእሱ ይልቅ ደጁ ላይ ያገኘናቸው ቄስ አጣፍጠው ነገሩን።

ባጠቃላይ ቅጠሩት እላለሁ። ዋጋውን ሳትነሡ ተስማሙ፤ የመግቢያ ትኬቱ ለብቻ ነው። ቁስቋምን በጧት አስቀድሙት። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ባጃጁን እላይ ድረስ አስወጡትና እዚያው እንዲጠብቃችሁ ንገሩት፤ ለመመለሻ ሌላ ባጃጅ ስንጠብቅ የአክስቴ ጉልበት አልቋል።