የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ ለአካል ጉዳተኞች ምን ያህል ይመቻል?

በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ የሚሰጠውን የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ አገልግሎት ያየሁት መስማት የተሳነውን የአክስቴን ልጅ ለማስመዝገብ በሄድሁበት ጊዜ ነው። መዝጋቢዋ ጥያቄዎቹን በወረቀት እየጻፈች በትዕግሥት አስተናግዳዋለች፤ ምስጋና ይገባታል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ግን ስለሌለ፣ ፊደል ያልቆጠረ መስማት የተሳነው ሰው ቢመጣ መግባባት አይቻልም። ምዝገባው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍትም የለም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ግን የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ አዝዟል።

ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ቅጹ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለሥራው ብቁ የሆነ አካል ጉዳተኛ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው፣ አሠሪውም የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችለት ይደነግጋል፤ ቅጹ ግን የጉዳቱን ዓይነት ብቻ ጠይቆ ሠራተኛው የሚያስፈልገውን ድጋፍ የሚገልጽበት ቦታ ስለሌለው፣ አሠሪው ምን ማዘጋጀት እንዳለበት አስቀድሞ አያውቅም። አዋጁ የቅጥር ኮታ፣ ማለትም አሠሪዎች የግድ ሊቀጥሩት የሚገባ የአካል ጉዳተኞች ቁጥር፣ አላስቀመጠም፤ በመሆኑም ማሻሻያ የሚታሰብ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቶች ስንት አካል ጉዳተኞች አመልክተው ስንቱ እንደተቀጠሩ በየዓመቱ እንዲያሳውቁ ማስገደድ ቀዳሚው እርምጃ ሊሆን ይገባል። እስከዚያው ለምዝገባ የሚሄዱ ሰዎች የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ በማመልከቻ ጽፈው ከቅጹ ጋር ቢያያይዙ ይመረጣል።