ለሰንበት የዘይት ማሞቂያና ታይመር፦ ባሕር ዳር ላይ የቱ ያዋጣል?

ባሕር ዳር ሌሊቱ የሚበርደው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ለአንድ መኝታ ቤት 1500 ዋት የዘይት ማሞቂያ ይበቃል። የምንመርጠው በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ያለውን ነው። በጣት ተነክቶ የሚበራው ዓይነት መብራት ሄዶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል፤ በአይሁድ ሰንበት (ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ) ደግሞ መልሶ ማብራት የለም።

ቅሬታችን ማሞቂያውን በተሞላለት ሰዓት በራሱ የሚያበራውና የሚያጠፋው ታይመር ላይ ነው። ርካሹ ባለ ጥርስ ታይመር ባትሪ የለውም። መብራት ለ2 ሰዓት ከጠፋ እሱም 2 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ንጋት ላይ መጥፋት የነበረበት ማሞቂያ ረፋድ ድረስ በርቶ ይቆያል። ሲሞሉትም ልብ ይበሉ፦ አንዱ ጥርስ 15 ደቂቃ ነው፣ 18 የሚለው ቁጥር የእኛ ማታ 12 ሰዓት ነው። ባትሪ ያለው ዲጂታል በእጅጉ ይሻላል፤ 16 አምፒር የሚችል መሆኑን ጀርባውን ያንብቡ። ማሞቂያው ወደ 7 አምፒር ስለሚስብ በቀጭን ማከፋፈያ ከተሰካ ሶኬቱ ግሎ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ሁሉም ነገር ዓርብ የሰንበት ሻማ ሳይበራ ይስተካከል። ከዚያ በኋላ ማስተካከያውን መንካት ክልክል ነው፤ ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) በራሱ ቢበራና ቢጠፋ ግን ቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ችግር የለውም።

ዓርብ ከሰል አቀጣጥሎ ማሳደርን በፍጹም አንመክርም። በተዘጋ ክፍል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።