ሮም ላይ እናቴን ላበላችልኝ ሴት

ምስጋና ሳልጽፍ መቆየቴ ያሳፍረኛል። እናቴ አዲስ አበባ ከተመለሰች ወራት አለፉ። ግን በደወለች ቁጥር «ለዚያች ልጅ ጻፍሽላት ወይ?» እያለች አላስቀምጥ ስላለችኝ ይኸው ዛሬ ቁጭ አልኩ።

ፍራንክፈርት ከመጣሁ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ ደሞዜ የሚያልቀው በባቡር ትኬትና በሆዴ ነው። ናፖሊ ለፒዛ፣ ፖርቶ ለሰርዲን፣ ቪየና ለኬክ ብዬ የምሄድ ሰው ነኝ። እማዬን አንድ ቀን አመጣትና እኔ የቀመስኩትን ሁሉ አስቀምሳታለሁ ብዬ ስመኝ ኖርኩ። የሸንገን ቪዛው ተከልክሎ፣ እንደገና ተጠይቆ፣ በመጨረሻ ሲሰጣት ቀኑ ምን ላይ ቢወድቅ ጥሩ ነው? ሁዳዴ ላይ።

«ቪዛ ሰጪዎቹ ጾም መሆኑን በምን ያውቃሉ ብለሽ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እማዬ ስትጾም እንደ እኔ አይደለም። 55ቱንም ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ዓሣም የለም። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ አትቀምስም። በዚያ ላይ ጉልበቷን ያማታል።

የመጀመሪያው ጉድ የገጠመን ቤልጂየም ነው። የድንች ጥብስ አገር አይደል? ድንች ደግሞ ጾም ነው፤ ምን ችግር አለው ብዬ ከአንድ ኪዮስክ ፊት ተሰለፍን። የእንስሳ ነገር የለበትም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ቀና ብሎ ሳያየኝ «የለም፣ የለም» አለኝ። እማዬ ወደዳችው። ጨርሳ ጣቷን እየጠረገች ሳለ ከኋላችን ያለ ደንበኛ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁ። እዚያ አገር በባህሉ ድንች የሚጠበሰው በበሬ ስብ ነው። ብዙ ቤት ዛሬም እንደዚያ ነው የሚሠራው። ይሄኛውም ቤት የሚታወቀው በዚያ ኖሯል! ዝም ልበላት ይሆን ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ ነገርኳት። አልተቆጣችም። መንገድ ዳር ቆማ ወደ ንስሐ አባቷ ደወለች። እኔ ድምጽዋን ላለመስማት ሄጄ የሱቅ መስኮት አየሁ።

ፓሪስ ባሰ። በኢንተርኔት ያገኘሁት የጉብኝትና የምሳ ጥቅል ነበር። የጾም ምግብ እንደሚያዘጋጁ በጽሑፍ አረጋግጠውልኛል። ለሁለታችን ያስከፈሉን 190 ዩሮ ነው። አስጎብኚው ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ሞንማርትር ደረጃ ላይ እንደ ሯጭ ፈተለከ። እማዬ ግማሽ ላይ ተቀመጠች። ዞር ብሎም አላየን። እንደምንም ምሳው ቦታ ስንደርስ ሰላጣ መጣልን፤ ላዩ ላይ አይብ። አይብ አንበላም አልኩ። አስተናጋጁ ሳህኑን ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ። ያው ሳህን ነው። አይቡን በማንኪያ ገፎ አንስቶታል፤ ነጩ ፍርፋሪ ቅጠሉ ላይ እንደተጣበቀ ነው። እማዬ ሳህኑን በቀስታ ወደኔ ገፋችው።

ማታ ሆቴል ስንገባ ቦርሳዋን ከፈተች። ከአዲስ አበባ ያመጣችው ዳቦ ቆሎና በሶ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቆሎዬን ቆርጥሜ አድራለሁ። አንቺ ብይ፣ እኔ አያለሁ» አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነገር ቆሎ ሆነ።

ሮምን ልሰርዝ ነበር። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህቴ ናት «አትሰርዢ፣ ይህችን ሴት ደውይላት» ብላ ቁጥር የላከችልኝ። ሮም ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረች የእኛው ሰው ናት። ብዙውን ዘመኗን አዛውንት ስትንከባከብ ኖራ፣ ኋላ ተምራ የአስጎብኚነት ፈቃድ አውጥታለች። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ አላስፈቀድኳትም። ስደውል ስለ ኮሎሲየም ምንም አላለችኝም። የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ነው፦ «እናትሽ በስንት ሰዓት ነው የሚፈቱት? ዓሣ ይበላሉ? ደረጃ ይችላሉ?» ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅማ!

ጠዋት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፈቃዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠበቀችን። አንቱ ብላት «አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ» አለች። እማዬን «እማማ» ብላ ጉልበቷን ሳመች። ከዚያ በእማዬ እርምጃ መሄድ ጀመርን። ይህን ልብ በሉ፤ በእሷ አይደለም፣ በእማዬ እርምጃ።

ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት መሆኑን ታውቃላችሁ? እኔ ስንቴ በዚያ አልፌያለሁ፣ አላውቅም ነበር። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። ጥቂት አለፍ ብሎ መታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። በወረራው ጊዜ ከለገሃር ተነቅሎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የቆመው እዚያው ሐውልት ሥር ነበር፤ በኋላ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። እማዬ ደግሞ የለገሃር ልጅ ናት። በዚያ አንበሳ ሥር ቀጠሮ ስትቀጣጠር ያደገች ናት። «እዚህ ነበር ያሰሩት?» ብላ ባዶውን መሬት ቆማ አየችው። ፓሪስ ላይ ሩጫ ነበር፤ እዚህ ማንም አላጣደፋትም።

መንገድ ላይ ቀን ከሌሊት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አየች። ሮም ውስጥ በየሰፈሩ አለ፣ በነጻ ነው የሚጠጣው። «ይኼማ ቦኖ ነው!» አለች። ፊቷን ታጠበች፣ አልጠጣችም። ገና አምስት ሰዓት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሮም ውስጥ ብዙ ምግብ ቤት ከምሳ በኋላ ኩሽናውን ይዘጋና እስከ ማታ ድረስ አይከፍትም። እማዬ ደግሞ የምትፈታው ልክ እነሱ ሲዘጉ ነው። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም። ሴትዮዋ ግን አስባበታለች። ጌቶ ወደሚባለው የድሮው የአይሁዶች ሰፈር፣ ወደ አንዲት ጠባብ ቤት ወሰደችን። በር ላይ ስንደርስ የሥጋ ሽታ አወደን። እማዬ ደንግጣ አየችኝ። እኔም ደነገጥኩ። በጾም ሥጋ ቤት?

«እማማ፣ አይፍሩ» አለች። «እነዚህ ሰዎች ሥጋና ወተት አይቀላቅሉም፣ ሕጋቸው ነው። ሥጋ የሚሠራበት ቤት ቅቤም አይብም ከነጭራሹ አይገባም። ስለዚህ እዚህ የምንጠብቀው ሥጋውን፣ ዓሣውንና እንቁላሉን ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ለብቻው መጥበሻ፣ ለብቻው አዲስ ዘይት አዝዣለሁ።»

እማዬ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ፊቷ በራ። «ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል የሚለው ነዋ!» አለች። «ኦሪት ዘጸአት!» ከዚያ ወዲያ ቤቱ የዘመድ ቤት ሆነ።

ስንቀመጥ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ሰው እየተነሳ ይሄዳል። አስተናጋጁ ወንበር እየደረደረ ነው፤ መብራቱም በከፊል ጠፋ። እኔ ሊያስወጡን ነው ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ። ሴትዮዋ ግን ከሦስት ቀን በፊት መጥታ ተነጋግራ ኖሯል። ምግብ አብሳዩ፣ ጸጉሩ የሸበተ ትልቅ ሰው፣ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣና የግድግዳውን ሰዓት በጣቱ አሳየን። ካርቾፊ ይሉታል አትክልቱን፣ እሾሃም እንቡጥ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ነው የሚጠበሰው አሉ፤ የመጀመሪያውን ጠብሶ ሁለተኛውን ለዘጠኝ ሰዓት አቆይቶታል። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሆነ አስረዳን፣ እኔ አልገባኝም። የገባኝ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ መሄድ የሚገባው ሰው ለእናቴ ጾም ሲል ቆሞ ሰዓት እየጠበቀ መሆኑ ነው።

እማዬ ደግሞ ቀልዷ መጣ። «የማን ዘጠኝ ሰዓት ነው? አዲስ አበባማ አስራ አንድ ሆኗል» አለች። ሴትዮዋ ተረጎመችለት። ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ።

ልክ ዘጠኝ ሲሆን ከኩሽና የዘይት ድምጽ ተሰማ። ሳህኑ ሲመጣ እንቡጡ ተፈንድቶ አበባ ሆኗል፤ ቅጠሉ ወርቅማ፣ ጫፉ እንደ ቆሎ የሚንኮሻኮሽ። እማዬ አማተበች። ጸሎቷን አደረሰች። ሰውየው እስክትጨርስ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ። አንዱን ቅጠል ነቅላ ቀመሰች፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወሬ የለም። ሽንብራ ያለበት ፓስታም መጣ፣ ቲማቲሙን ስታይ «ስጎ!» አለች፤ ሰውየው ከኩሽና «ሱጎ! ሱጎ!» ብሎ መለሰላት። ሁለቱ በዚያች አንዲት ቃል ስንት ተጫወቱ።

ያኔ ነው ሴትዮዋን ያየኋት። እሷም ገና መብላቷ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከእኛ ጋር ስትዞር አንድ ቡና እንኳ አልጠጣችም። «የምትጾሚው አንቺም እስከ ዘጠኝ ነው?» አልኳት። «እኔስ እስከ ስድስት ነው። ግን እማማ ሳይበሉ እኔ እንዴት እበላለሁ?» አለችኝ። እኔ ሆዬ ጠዋት ሆቴል ዳቦ በማርማላታ በልቼ ነበር። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

የቀኑ ሒሳቧ ከፓሪሱ ያንሳል። ጨምሬ ብሰጣት እጄን መለሰችው። ሮም ለመሄድ የምታስቡ፣ በተለይ እናት፣ አባት፣ ጉልበቱ የደከመ ወይም ጾመኛ የምትወስዱ፣ እባካችሁ ለዚህች ሴት ደውሉ። ጾመኛ ባትሆኑም ደውሉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ ቁጥሯን እልካለሁ። አስቀድማችሁ ያዟት፣ በሕማማት ሳምንት አትሠራም፣ ቤተ ክርስቲያን ናት። እንደገና እላለሁ፣ ደውሉላት።

እማዬ ባለፈው ሰሞን በሚመጣ ሰው በርበሬ ላከች። ሁለት ኪሎው የሮሟ ነው፣ እንዳትነኪው ተብያለሁ። ግማሽ ኪሎው የእኔ።