ቢዋይዲ ሲገል ከ14 ወር በኋላ፦ ማርሚታ የሌላት መኪና

ከዚህች የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና በፊት ስድስት ዓመት ቪትዝ ነድቻለሁ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሆቴል ዘበኛ ለየትኛው መኪና ምን ያህል እንደሚጎነበስ በደንብ አውቃለሁ። ቪትዝ ሲመጣ መስኮት ያስወርዳል፣ «ማንን ፈልገህ ነው?» ይላል፣ የዕቃ መጫኛውን ያስከፍታል። ነጭ ቪ8 ሲመጣ ግን ክላክስ ሳይነፋ በሩ ይከፈታል። ሲገልን በያዝኩ በሳምንቱ ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆቴል ሄድኩ። ድምፅ ስለሌላት ዘበኛው ያየኝ አፍንጫው ሥር ከደረስኩ በኋላ ነው። ብድግ አለ። አዲስ መሆኗን አየና እጁን ለሰላምታ እስከ ደረቱ አነሣ፤ አርማዋን ሲያይ ግን መልሶ አወረደው። ከዚያ የመፈተሻ መስታወቱን ከሥር አስገብቶ ሲያሽከረክር ቆየና ከኋላ በኩል ብቅ አለ።

«ጌታዬ፣ ማርሚታዋን ሰርቀውብዎታል» አለኝ።

በዚያ በር «ጌታዬ» ስባል የመጀመሪያዬ ነበር።

ወደ መኪናዋ ልግባ። የእኔዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላት ናት። ፋብሪካው በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች ይላል፤ እኔ በከተማ 300 ገደማ አገኛለሁ፣ አልተከፋሁም። ባትሪዋን ሞልቼ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ስወርድ 72 በመቶ ቀርቶኝ ደረስኩ። አዲስ አበባ ስመለስ የቀረኝ 32 ነበር። ልዩነቱ የዳገቱ ነው፤ አዳማ ከእኛ 600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። መውረዱ ባትሪ ይቆጥባል፣ መውጣቱ ያስከፍላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ደብረ ዘይት ላይ ልቡ ይመታል።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን ቪትዜን አልናፍቅም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው አየር ይሳሳበታል፤ ቪትዜን ያን ዳገት የማወጣት ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። የሲገል ጉልበት 55 ኪሎዋት ብቻ ቢሆንም መብራት ላይ አረንጓዴ ሲበራ ኮሮላዎቹን ጥላ ትሄዳለች። ስወርድ ደግሞ ፍሬኑን ብዙም ሳልነካ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እየያዘ ባትሪዋን በጥቂቱ ይሞላታል።

ቻርጅ የማደርገው በቤት ሶኬት ነው። ከ20 እስከ 100 በመቶ ለመሙላት 15 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሌሊቱ በከንቱ ያልፋል። የመጀመሪያው ወር ላይ አከራዬ እማማ ገመዱን በመስኮት ሲያዩ «ልጄ፣ ቆጣሪው እኮ የጋራ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለብቻዬ መለኪያ አስገጠምኩ፤ አሁን በየወሩ የምከፍላቸው የቪትዙን ታንክ አንድ ጊዜ ከምሞላበት ያነሰ ነው። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ማደያ ፊት ሰልፉን እያየሁ ማለፍ ደስ ይለኛል፤ ክፋት መሆኑን አልክድም።

ጉድለቷን አልደብቅም። ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ባትሪዋ እዚያው ሥር ስለሆነ የሰፈራችን ኮብልስቶን ሆዷን ጫር ባደረጋት ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። የምትይዘው አራት ሰው ብቻ ነው፤ አምስተኛው ዘመድ ይቀየማል። ዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ነው፣ በነሐሴ ዝናብ ግን አላሳፈረችኝም። ስትነሣ አንዲት ቻይናዊት ከድምፅ ማጉያው ሰላም ትለኛለች፤ ዝም የሚያሰኛት ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የፊት ባምፐሯ ተሰብሮ «በሁለት ሳምንት ይመጣል» የተባለው መለዋወጫ የመጣው በሁለት ወር ተኩል ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። መኪናዋን ያየ ሰው የት እንደሚመድበኝ አያውቅም።

አጎቴ እሑድ ቤታችን መጥቶ ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ኮፈኗን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ፣ ከዚያ «ነገ ብትሸጣት ስንት ታወጣለች?» አለ። ምቾቷን አልጠየቀም፣ ፍጥነቷንም አልጠየቀም። አልፈርድበትም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ አደረሰው። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ቶዮታ ሁሉ ጎማ ያለው የባንክ ደብተር ሆነ። ሰሌዳው ላይ ከ2 ቀጥላ የምትመጣዋን ፊደል አይቶ መኪናው መቼ እንደገባና ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚናገር ሰው በየሰፈሩ አለ። እኔም በቪትዝ ዘመኔ የሚሰጠኝ ጥቂት ክብር ለእኔ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለደብተሩ ኖሯል። ሲገል ደብተር አይደለችም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባትሪዋ ምን እንደሚሆን ገበያው ገና አልወሰነም፣ ሰውም እስኪወሰን ድረስ ሰላምታውን ይዞ ይጠብቃል።

ባለፈው ሚያዝያ እህቴ ስትዳር ቤተሰቡ ሦስት ነጭ ቪ8 ተከራየ። ሲገሌ አረንጓዴ ናት። ቪዲዮ ቀራጩ መጥቶ «ወንድሜ፣ አንተ ከኋላ ሁንልኝ፣ ከነጮቹ መሀል ቀለሟ ይረብሸኛል» አለኝ። ከኋላ ሆንኩ። ቪ8ዎቹ ክላክሳቸውን ሲያስጮኹ ከተማው ይናወጣል፤ የእኔዋ ሞተር ሳይክል መንገድ ልቀቁልኝ የሚል ነው የሚመስለው። ከዚያ ሁሉ አጀብ ውስጥ ባለቤቱ የሚነዳው መኪና የእኔ ብቻ ነበር። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ሰርጉ ሲያልቅ ለአንድ ቀን ኪራይ የወጣውን ብር አስልቼ የስንት ወር መብራት እንደሚከፍል ለሚስቴ ነገርኳት፣ እሷም ሳቀችብኝ።

ጎረቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ከፍ ያሉ ኃላፊ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ኮድ 4 ላንድክሩዘር በራቸው ላይ ይቆማል፣ ሾፌሩ ወርዶ ይከፍትላቸዋል፤ እኔ ያ መኪና እስኪነሣ ከግቢ መውጣት ስለማልችል ቆሜ እጠብቃለሁ። ባለፈው ጥቅምት ከቦታቸው ተነሡ፣ መኪናውም ተመለሰ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው አየኋቸውና «ጋሼ፣ ወደ ካዛንቺስ ነኝ፣ ላድርስዎት?» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን አብረን እንሄዳለን። መኪናዋ ጸጥ ስለምትል ሬዲዮ መስማት ይወዱላታል፤ መጀመሪያ ቀን «ተነሣች እንዴ?» ብለውኝ ነበር።

የፊተኛው ወንበር ባዶ እያለ ግን ሁልጊዜ የኋላውን በር ከፍተው በቀኝ በኩል ይቀመጣሉ። ረጅም ሰው ናቸው፣ የሲገል የኋላ ወንበር ደግሞ ጠባብ ነው። ምንም አልልም። ከመምጣታቸው በፊት የፊተኛውን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ፊት እገፋላቸዋለሁ፤ ጉልበታቸው አሁንም በትንሹ ይነካል።